አቶ በሪሁን አሜን ያሉበት በሬ

አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ማለዳ ነው፣ ጓንጉል ቀንበሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወደ አቶ በሪሁን ግቢ ወጣ። የሄደው በሬ ሊወስድ ነው። የራሱ አንድ በሬ አለው፤ አንድ በሬ ግን ቆሞ ያመሰኳል እንጂ አያርስም። መሬቱ ዝናብ ጠጥቶ ለስልሷል። ጤፍ የሚዘራበት ጊዜ እያለፈ ነው። ይህ ሳምንት ካመለጠው ዓመቱን ሙሉ የሰው እጅ ማየቱ ነው። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ሚስቱ እታገኝ «ፍጠን፣ ዘሩ ጎታ ውስጥ ሊበቅልብን ነው» ብላ ሸኝታዋለች። የመንደሩ በሬ ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ሥራ ፈትቶ የሚወፍር በሬ ያለው አቶ በሪሁን ግቢ ብቻ ነው።

በሬው ደግሞ በልመና የሚሰጥ አልነበረም። ጓንጉል የአቶ በሪሁንን የተራራ እርሻ ድንጋዩን ለቅሞ፣ እርከኑን ክቦ አስረክቧቸዋል። ልዋጩ ቦራ የሚባለው በሬያቸው ለዘር እንዲጠመድለት ነው። ነገሩ የታሰረውም በአገሩ ደንብ ነበር። በዚያ አገር ሁለት ሰው ሲስማማ ወረቀት አይጻፍም። ቄስ ወይም ሽማግሌ ይመርቃል፣ ሁለቱም ወገን አሜን ይላሉ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ቃሉን ያጠፈ ሰው ገበያ ሲወጣ ፊቱን በነጠላው ይሸፍናል። ቄስ አድማሱም ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ እየሰማ «የጓንጉል ዘር ይብቀል፤ የበሪሁን ቦራ በመጪው ማክሰኞ ከጓንጉል በሬ ጋር ይጠመድ» ብለው መርቀዋል። አቶ በሪሁን ከሁሉ ቀድመው፣ ከሁሉ አስበልጠው ጮኸው «አሜን!» ብለዋል።

አቶ በሪሁን አሜን ማለት ይወዳሉ። አሜን ከጎተራ አያጎድልም። ለማኝ ከደጃቸው ቆሞ «ክፉ አይንካዎ፣ ዕድሜ ይስጥዎ» ሲል «አሜን፣ አሜን» ብለው ምርቃቱን እስከ መጨረሻው ይቀበሉና በሩን ይዘጋሉ።

በዚያ ዓመት ደግሞ አዲስ አመል ጨምረው ነበር። በጋ ላይ ዘመድ ጥየቃ ከተማ ወርደው፣ እግረ መንገዳቸውን ዕብራይስጥ የሚያስተምር ሰው ዘንድ ጥቂት ቀን ቁጭ ብለው መጡ። የተማሩት እፍኝ አይሞላም፤ ያስተማሩት ግን አገር ሞላ። ክርስትና ቤት ገብተው የሕፃኑን ስም ይፈታሉ። ልቅሶ ቤት ገብተው «አዳም ማለት በዕብራይስጥ አፈር ማለት ነው» ብለው ሲያብራሩ፣ ሟቹ ራሱ ተነሥቶ «ይበቃል» ሊላቸው ምንም አልቀረው። ውሻቸውን ሳይቀር ሻሎም ብለው ሰየሙት። ሻሎም ማለት ሰላም ማለት ነው። ያንን ግቢ ረግጦ በሻሎም ያልተነከሰ ሰው ግን አይገኝም።

በዚያ ማለዳም ጓንጉል አጥሩን እንዳለፈ ሻሎም የሱሪውን እግር ነክሶ ወደ ኋላ ጎተተው።

«ሻሎም! ሻሎም!» አሉ አቶ በሪሁን፣ ከደጃፋቸው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ።

«ሰላምታውን ተቀብያለሁ፤ ውሻውን ያዙልኝ» አለ ጓንጉል በአንድ እግሩ እየዘለለ።

ውሻው ተያዘ። ጓንጉል ቀንበሩን አስተካከለ።

«እንደምን አደሩ። ቦራን ልወስድ መጥቼ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ ማሳዬ ነዋ። ዛሬ ማክሰኞ አይደል?»

«ማክሰኞስ ማክሰኞ ነው» አሉ አቶ በሪሁን ሰማዩን አየት አድርገው። «ግን በሬውን ማን ሰጠህ?»

«ኧረ እርስዎ! ቄስ አድማሱ ሲመርቁ አሜን ብለው የለም እንዴ?»

«ብያለሁ። አልካድኩም። አሜን ምን ማለት ነው?»

ጓንጉል ቀንበሩን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «አሜን ማለት… አሜን ነዋ።»

«አየህ! ያልተማረ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው» አሉና ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉ። ጋቢያቸውን መለስ ካደረጉ ትምህርት መጀመራቸው ነው። «አሜን የአማርኛ ቃል አይደለም። የግዕዝም አይደለም። ዕብራይስጥ ነው። ትርጉሙ ‹ይሁን› ነው። ይሁን የሚባለው ለማን ነው?»

«ለእግዚአብሔር።»

«ጎሽ! እንግዲህ እኔ አሜን ስል ነገሩን ከጫንቃዬ አውርጄ ለእሱ አስረክቤአለሁ። ከዚያ ወዲያ ቦራ የሚጠመደው እሱ ሲፈቅድ ነው። እኔ መሐል ገብቼ በሬ ብፈታ በፈጣሪ ሥራ መግባት ይሆንብኛል። ድፍረት ነው። እፈራለሁ።»

«ሳር የሚያበላው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«እዚያ ላይ አይፈሩም?»

«ሳር ሌላ ነው።»

«ውሃስ?»

«ውሃም ሌላ ነው። ጓንጉል፣ ይህ ረቂቅ ነገር ነው፤ በባዶ ሆድህ አትመራመረው» አሉት። ቁርስ ብላ ግን አላሉትም።

«ታዲያ እግዚአብሔር መፍቀዱ በምን ይታወቃል?»

«በሬው ራሱ ተነሥቶ ይመጣልሃላ!»

ሁለቱም ዞረው ቦራን አዩት። ቦራ ተጋድሞ ያመሰኳል። ከጆሮው ላይ ዝንብ አባረረ እንጂ ሌላ ነገር አላደረገም።

«አልፈቀደም» አሉ አቶ በሪሁን በሐዘን።

ጓንጉል ቀንበሩን እንደተሸከመ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እታገኝ ከማሳው ዳር ዘሩን በቁና ይዛ ቆማለች።

«በሬውስ?»

«እግዚአብሔር ዘንድ ነው።»

«እኔ ልሙት! መቼ ሞተ?»

«አልሞተም። አሜን ተብሎበት ነው።»

እታገኝ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ሰማች። ሰምታ ስታበቃ ቁናውን መሬት ላይ አስቀመጠች። «እኔ እኮ ይኼን ዘር ከእናቴ ነው ለምኜ ያመጣሁት» አለች። «ምን ልበላት? ዕብራይስጥ ወሰደው ልበላት?»

ጓንጉል ቀንበሩን ሳያወርድ ወደ ቄስ አድማሱ ቤት አዘገመ። ቄሱ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ማጭድ ይስላሉ። የተባለውን ሁሉ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ግማሹን ተምሮ ግማሹን እዚያው ጥሎት መጥቷል» አሉ። «ይሁን ማለትስ ነው። ሥሩ ግን ጽናት ነው፤ መታመን ነው። እኛ ‹አመነ› የምንለውም የዚያው ዘመድ ነው። በራእዩ ላይ ጌታ ራሱ አሜን ተብሎ ተጠርቷል፤ የታመነውና እውነተኛው ምስክር። ለምን ቢባል፣ እሱ ያለው አይታጠፍም። ስለዚህ አሜን ያለ ሰው ‹በዚህ ቃል ሥር እንደ ምሰሶ ቆሜአለሁ፤ ቢወድቅም በእኔ ላይ ይውደቅ› ማለቱ ነው። አሜን ሸክም መቀበያ ነው፣ ልጄ። ሸክም ማውረጃ ማን አደረገው?»

«ይህንኑ ሄደው ይንገሩልኛ፣ አባ!»

«እኔ ብነግረው ‹የእርስዎ ግዕዝ ነው› ይለኛል። ደግሞም ያ ሻሎም የሚለው አውሬ ባለፈው ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ቀዶታል። እኔ እዚያ ዕብራይስጥ ግቢ ዳግመኛ አልገባም።»

ጓንጉል ማጭዱን አየ። ቄሱ ስለቱን በአውራ ጣታቸው ይሞክራሉ።

«አባ፣ ይህን የሚስሉት ለማን ገብስ ነው?»

«ለራሱ ለበሪሁን ነዋ። የበልግ ገብሱ ደርሷል፤ ሰማዩም አላማረም። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ደቦ ሊጠራ ነው አሉ።»

«እንዲያ ነው?» አለ ጓንጉል። ቀንበሩንም ለመጀመሪያ ጊዜ ከትከሻው አወረደ።

የማክሰኞው ወሬ ሳይመሽ መንደሩን አዳርሷል። በማግስቱ ቅዳሴ ሲያልቅ አቶ በሪሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከዛፉ ሥር ቆመው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ወንድሞቼ፣ ገብሴ ደርሶ ራሱን ደፍቷል። ደመናውን እያያችሁት ነው። ነገ በጠዋት ወጥታችሁ እንድታጭዱልኝ እለምናችኋለሁ።»

ሰዉ አቀረቀረ። የአቶ በሪሁንን ደቦ የቀመሰ ያውቀዋል። ንፍሮው በፍሬ ይቆጠራል። ጠላው ከመቅጠኑ የተነሣ የዋንጫው ቂጥ ከላይ ይታያል። ማን አፉን ይክፈት እየተባለ ሲተያዩ፣ ጓንጉል ከመሐል ብድግ አለ።

«አሜን!» አለ።

ነገሩ ለአንዱ ገባው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ተላለፈ። «አሜን! አሜን!» ብሎ ደጁ ተናጋ። ቄስ አድማሱን ድንገት ሳል ያዛቸውና ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ።

አቶ በሪሁን ልባቸው በደስታ ሞላ። «ተባረኩ! አሁንማ ቃሉን እየለመዳችሁት ነው» ብለው እየተንጎራደዱ ወረዱ።

ሐሙስ ጠዋት አገሩ ሁሉ ማጭዱን ታጥቆ ወጣ። ወጣና ከገብሱ ዳር፣ ድንበሩ ሳር ላይ፣ ተደርድሮ ተቀመጠ።

«በሉ እንጂ፣ ግቡ» አሉ አቶ በሪሁን።

ማንም አልተነሣም። አቶ በሪሁን ባለቤቱ እስኪጀምር የሚጠብቁ መሰላቸው። ጎንበስ ብለው አንድ ጭብጥ አጨዱ።

«አሜን!» አለ ሰዉ ባንድ ድምፅ።

አቶ በሪሁን ቀና ብለው አዩ። ፈገግ አሉ። ሌላ ጭብጥ አጨዱ።

«አሜን!»

«ደግ ነው፣ ደግ ነው። በቃ፣ አሁን ግቡ።»

«አሜን!»

አበጀ የሚባል ድምፀ መልካም ሰው ነበር፤ ደቦ ላይ ዜማ የሚያወጣው እሱ ነው። እሱ ደግሞ ተቀምጦ ያዜም ጀመር። አቶ በሪሁን ማጭዳቸውን ባነሡ ቁጥር «ይታጨድ!» ይላል፤ የቀረው «አሜን!» ብሎ ይቀበላል። «ይከመር!» «አሜን!» «ይወቃ!» «አሜን!» ሻሎም እንኳ መንከሱን ረስቶ ከሰዎቹ ጎን ተጋደመ። አሜን በተባለ ቁጥር ጅራቱን ይነሰንሳል።

እንዲህ ሲሆን ከተራራው ጀርባ ደመና ወጣ። ሆዱ ጥቁር፣ ጠርዙ ነጭ ነው። አገሬው ይህን ደመና ያውቀዋል፤ በረዶ ያዘለ ነው። የደረሰ ገብስ ላይ ከወረደ ፍሬውን አራግፎ ጭዱን ብቻ ያስቀራል። አቶ በሪሁን ላባቸው በጢማቸው ይንጠባጠባል። ያጨዱት አንዲት ነዶ አይሞላም።

«ኧረ እናንተ ሰዎች! ዝም ብላችሁ ትቀመጣላችሁ?»

«ዝም መች አልን?» አለ ጓንጉል። «ከጠዋት ጀምሮ አሜን ስንል ጉሮሯችን ደረቀ እኮ።»

«እሱንማ ሰማሁ! ተነሡና እጨዱ ነው የምለው!»

«ኧረ እንፈራለን፣ አቶ በሪሁን። ትናንት አሜን ብለን ነገሩን ለፈጣሪ አስረክበናል። ዛሬ መሐል ብንገባ ድፍረት ይሆንብናል።»

«ታዲያ ገብሱን ማን ይጨደው?»

«እሱ ሲፈቅድ ገብሱ ራሱ ተነሥቶ አውድማ ይመጣላ!»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ ገብሱን አየ። ገብሱ በነፋሱ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ወደ አውድማው ግን እርምጃ አልጀመረም።

«አልፈቀደም» አለ አበጀ በሐዘን።

ደመናው አጉረመረመ። አቶ በሪሁን ማጭዳቸውን መሬት ላይ ወረወሩት። ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀላ።

«አንተ ጓንጉል! አሜን ገብስ አያጭድም!»

«አያጭድም?» አለ ጓንጉል ዓይኑን አፍጥጦ። «እኔ ምኑን ላውቅ! ማክሰኞ ዕለት መሬት ያርሳል ብለው በባዶ ቀንበር የሰደዱኝ እርስዎ ነዎት!»

ሰዉ በሳቅ ሳሩ ላይ ተንከባለለ። አቶ በሪሁን የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው። ከተቀመጡት መካከል ቄስ አድማሱን አዩ።

«አባ፣ እርስዎ እንኳ? የእግዚአብሔር ሰው ሆነው? ይንገሯቸው እንጂ!»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ» አሉ ቄሱ በትሕትና። «እኔ ግዕዝ ብቻ ነኝ።»

አቶ በሪሁን ደመናውን አዩ። ገብሱን አዩ። ደግመው ደመናውን አዩ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ። «አሜን… ሌላም ትርጉም አለው።»

«በዕብራይስጥ?» አለ ጓንጉል።

«በዕብራይስጥ። የጸና ማለት ነው። የታመነ። ያለውን የሚያደርግ።»

«ወይ ጉድ! ይህኛው ትርጉም የሚሠራው ከዛሬ ጀምሮ ነው ወይስ ከማክሰኞ?»

አቶ በሪሁን ሊያስቡበት ፈልገው ነበር። ግን ሽንብራ የምታህል በረዶ ወርዳ ራሰ በራቸው ላይ ነጠረች።

«ከማክሰኞ! ከማክሰኞ ጀምሮ ነው!»

«ገብሱ ከገባ በኋላስ? አይለወጥም?»

«አይለወጥም! ኧረ ተነሡ!»

«እንነሣለን። ብቻ እኛ ያልተማርን ሰዎች ነንና ረቂቁ አይገባንም። አንድ ጊዜ በግልጽ አማርኛ ይንገሩን። አሜን ማለት ምንድን ነው?»

ሌላዋ በረዶ አፍንጫቸውን አገኘቻቸው።

«አሜን ማለት በሬ ነው!» ብለው ጮኹ አቶ በሪሁን። «ቦራ ነው! ጅራፉም ጭምር ነው! ውሰደው፣ በቃ ውሰደው!»

«ዕብራይስጥ አሁን ገና ገባኝ» አለ ጓንጉል፤ ብድግ ብሎም ማጭዱን መዘዘ።

ሰዉ እንደ አንበጣ ገብሱ ላይ ሰፈረበት። የመጀመሪያው ነዶ ሳይታሰር እታገኝ ቦራን እየነዳች በማሳው ግርጌ አለፈች። ገመድ ይዛ ከአቶ በሪሁን አጥር ሥር ስትጠብቅ ነው ለካ ያረፈደችው። በረዶው ዳር ዳሩን ነካክቶ ወደ ገደሉ ማዶ ዞረ። ሲመለስ ገብሱ ተከምሯል፣ ቦራም ከጓንጉል በሬ ጋር ተጠምዶ ሁለተኛውን ትልም ይዟል።

ሥራው ሲያልቅ ደቦው አቶ በሪሁን ቤት ገባ። ንፍሮው እንደተለመደው ቀረበ፤ ጠላውም እንደተለመደው። ቄስ አድማሱ ለምርቃት ተነሥተው እጃቸውን ሲዘረጉ አቶ በሪሁን ከመደባቸው ብድግ አሉ።

«ይቆዩ፣ አባ! ምርቃቱ ውስጥ ምን ምን እንዳለ አስቀድመው ይንገሩኝ።»

«ምን ይኖረዋል? እንደ ወትሮው ነው። ጤና ይስጥህ።»

አቶ በሪሁን ምርቃቱን በልባቸው አገላብጠው መረመሩት። የሚያስወጣ ነገር አላገኙበትም። «እሺ፣ አሜን።»

«ከብትህን ያብዛልህ።»

«አሜን! አሜን!»

«እጅህን ለሰው የተዘረጋ ያድርግልህ።»

አቶ በሪሁን አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት። ሰዉ ንፍሮውን በመዳፉ እንደያዘ ይጠብቃል። ቄሱም እጃቸውን እንደዘረጉ ይጠብቃሉ። አቶ በሪሁን ወደ ጣራው ያያሉ።

ከጓዳ የሚስታቸው የወይዘሮ ጥሩዬ ድምፅ «አሜን!» አለ፤ ወዲያውም ለክብር እንግዳ ተብሎ የተቀመጠው የወፍራሙ ጠላ ጋን ምርጊቱ ሲሰበር ተሰማ።